ድልድይ የሌለው ወንዝ

«አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብሎ የማይጸልይ ሽማግሌ በአገራችን አይገኝም። ጸሎቱ መልካም ነው። ነገር ግን ያማረ ሞት የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው «ሳይፈራ፣ ሳይጨነቅ፣ በወገኑ መካከል የሞተ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ከሆነ ፈርቶና ተጨንቆ የሞተው ክርስቲያን ምን ሊባል ነው? እምነቱ ሐሰት ነበረ ማለት ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መጻሕፍት ይልቅ ደኅና መልስ ያገኘሁት እንግሊዛዊው ዮሐንስ ባንያን ስለ መንገደኛው ክርስቲያን በጻፈው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ዋጋውንም ጉድለቱንም ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ባንያን የብረት ዕቃ እየጠገነ የሚኖር ድኃ ሰው ነበረ። ያለ ፈቃድ በመስበኩ ከ1660 እስከ 1672 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 12 ዓመት ታሰረ፤ ከልጆቹም አንዲቱ ዓይነ ስውር ነበረች። እንግዲህ ስለ መከራ የጻፈው በወሬ ሰምቶ አይደለም። የመጽሐፉ አንደኛ ክፍል በ1678፣ ሁለተኛው በ1684 ታተመ። በእኛም አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያሳትሙ የዚህን መጽሐፍ ፈለግ ተከትለዋል።

በእኛ በከፋ፣ በቦንጋ አቅራቢያ፣ የሰው እጅ ያልሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ባንያን ግን በመንገዱ መጨረሻ ባለው ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ድልድይ አላኖረም። ወንዙ ሞት ነው፤ ከዚያ ማዶ ብርህት ከተማ አለች፤ ወደ እርስዋ የሚገባ ሁሉ በውኃው ውስጥ ማለፍ አለበት። ክርስቲያን ብዙ ፈተና ድል አድርጎ እዚያ ከደረሰ በኋላ ገና ሲገባ መስጠም ይጀምራል። ጨለማ ይከበዋል፤ የቀድሞ ኃጢአቱ ሁሉ ትዝ ይለዋል፤ ከተማይቱ ለባልንጀራው እንጂ ለእርሱ እንዳልተዘጋጀች ያስባል። ተስፈኛ የሚባለው ባልንጀራው ግን ራሱን ከውኃው በላይ ደግፎ ይይዝለታል፤ የወንዙ ታች ጽኑ መሬት መሆኑንም ይነግረዋል። በመጨረሻም ክርስቲያን እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይሻገራል።

ከእነርሱ በኋላ አላዋቂ የሚባል ሰው ይመጣል። ከንቱ ተስፋ የሚባል ባለ ጀልባ ጭኖት ልብሱ እንኳ ሳይርስ ይሻገራል። ሲያዩት አሟሟቱ ያማረ ነው። ደጃፉ ሲደርስ ግን ይመለሳል፤ ከበሩም ወደ ጥፋት ይወስዱታል።

ባንያን ከሌሎች ሰባክያን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የሰመጠው ገባ፤ ያልረጠበው ቀረ። ፍርሃት የእምነት መጥፋት አይደለም፤ ጸጥታም የእምነት ማስረጃ አይደለም። ይህንን ከልቡ አላመነጨውም፤ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ተጨንቆ ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኖአል፤ በአልዓዛርም መቃብር ዘንድ አልቅሶአል። ታዲያ ጌታው የተጨነቀበትን ነገር አገልጋዩ እየሳቀ ካላለፈው እንዴት ይነቀፋል?

ጉድለቱን ደግሞ እንመልከት። በአንደኛው ክፍል ክርስቲያን ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ይሄዳል፤ ሲሻገርም በወንዙ ዳር ቆሞ የሚያለቅስለት ዘመድ የለም። ልቅሶ ደራሽ ቤቱን ሞልቶት በሚሰነብትበት አገር ላደገ ሰው ይህ ባዶነት ይከብዳል። ባንያንም ሳይሰማው አልቀረም መሰለኝ፣ በሁለተኛው ክፍል አርሞታል። ሚስቲቱ ክርስቲያና ስትሞት ልጆችዋን ትመርቃለች፤ ጎረቤቶችዋ እስከ ወንዙ ዳር ይሸኙአታል፤ ልጆችዋም እያለቀሱ ይመለሳሉ። እንግዲህ ተስፋ ያለው ሰው አያለቅስም የሚል ሰው ይህን ሁለተኛ ክፍል ያንብብ።

ነገር ግን ሁሉ ሰው እንደ ክርስቲያና በወገኑ መካከል አይሞትም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ራሳቸው አገራቸው በጠላት እጅ ሳለች በስደት፣ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ፣ በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ። በሰው አገር መሞት በእኛ ዘንድ ታላቅ ኀዘን ነው፤ ኀዘኑም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከሞቱ ቦታ ተነሥቶ ስለ ሟቹ ነፍስ መፍረድ የአላዋቂን ጀልባ አይቶ እንደ ማድነቅ ያለ ስሕተት ነው።

ይህ ነገር ለእናንተ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ አንድ ቀን ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ አልጋ አጠገብ ትቀመጣላችሁ። በሽተኛው «ፈራሁ» ሲል፣ ጠያቂዎች ሁለት ነገር ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዱ «ምንም አትሆንም» ይላል፤ ሌላው «ክርስቲያን አይፈራም» ብሎ ይገሥጻል። የፊተኛው እውነቱን ይሸሽጋል፤ የኋለኛው በሚሰጥመው ሰው ላይ ድንጋይ ይጨምራል። ተስፈኛ ግን ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። ውኃው ጥልቅ አይደለም አላለም፤ ለምን ፈራህ ብሎም አልተቆጣም። አብሮ ገባ፤ ራሱን ደገፈ፤ መሬቱ ጽኑ መሆኑን በእግሩ ረግጦ መሰከረ። እናንተም እንዲሁ እጁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ስለምታምኑት ተስፋም በለሰለሰ ቃል ንገሩት። ቢያለቅስ አብራችሁ አልቅሱ።