ጋዝ ከመሞላቱ በፊት

«ጋዙ አልቋል፤ ልሙላው?» በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት በእስራኤሏ ፔታህ ቲክቫ ቤቶች ውስጥ ይህን ያህል ኪስ የሚያራግፍ ቃል የለም። የማዝጋን (የአየር ማቀዝቀዣ) ባለሙያ በገባ በአምስት ደቂቃው፣ ምንም ሳይለካ፣ እንዲህ ካለኝ ቡናውን አጠጥቼ አሰናብተዋለሁ። የማዝጋን ጋዝ እንደ ኩራዝ ላምባ እየነደደ አያልቅም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ይጥላል። ማሽኑ ሃያ ዓመት ቢሠራ ያው ጋዝ ሃያ ዓመት ይዞራል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። የሚተነፍስበትን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይመጣል፤ እናንተም ደግማችሁ ትከፍላላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በሜይ ማብቂያ፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲገባ፣ አብዛኛው የመጣው ከደጋ ነበር። የጎንደር ሰው ሲሞቀው ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሲበርደው እሳት ያነዳል። እዚህ የባሕሩ እርጥበት ስለሚደርስ ጥላው ራሱ ያልባል። ስለዚህ ማዝጋኑ ሁለት ሥራ አለበት፦ አየሩን ማቀዝቀዝና ከአየሩ ውስጥ ውኃ ማውጣት። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ማሽናችሁን በትክክል ሊመዝን አይችልም።

ዓሚሻቭ ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ወጣት ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ማዝጋኑ ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ቱቦው ላይ በረዶ ተጋግሯል። በረዶ ሲያይ ብዙው ሰው በቀጥታ ወደ ጋዝ ጠርሙሱ ይሄዳል። እሱ ግን ጥያቄ ጀመረ።

«እማማ፣ ማጣሪያውን መቼ ነው ያጠቡት?»

«ኧረ ልጄ! ማጣሪያም አለው እንዴ?»

የፊት ክዳኑን ከፍቶ ሁለት መረቦች ሳብ አደረገ። ከአቧራው ብዛት ብርሃን አያሳልፉም። ለብ ባለ ውኃ አጠባቸውና ጥላ ላይ አስደግፎ አደረቃቸው፤ ፀሐይ ያጣምማቸዋል። በረዶው እስኪቀልጥ ማራገቢያው ብቻ እንዲሠራ ተወው። ከዚያ ሪሞቱን 16 ላይ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀና ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ አየር የሚገባበት ላይ፣ ቀጥሎ የሚወጣበት ላይ ያዘ። ሲገባ 27፣ ሲወጣ 16። «ጋዝዎ ሙሉ ነው እማማ፤ ያጣው አየር ነው» አለና የመጣበትን ብቻ ተቀብሎ ሄደ። በሙቀቱ ወራት መረቡን በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ለዚያ ባለሙያ አይጠራም።

በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ካለ ማሽኑ በአብዛኛው ጤነኛ ነው። እርጥበቱ በከበደበት ቀን ልዩነቱ ይጠባል፤ ኃይሉ ከፊሉ ውኃ በማውጣት ላይ ይውላልና። ጥሩ ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ 8 ስላነበበ ብቻ ጠርሙስ አይከፍትም።

ሁለተኛው ውድ ቃል «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ነው። ኢንቨርተር ባልሆኑት አሮጌ ማሽኖች ላይ፣ ኮምፕሬሰሩ እያጉረመረመ መነሳት አቅቶት ከጠፋ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካፓሲተሩ ነው፤ በጣሳ መልክ የተሠራች ርካሽ ዕቃ። አናቷ ካበጠ ነገሩ በዓይን ይታያል። ካላበጠ ይለካል፦ ጎኗ ላይ 40 ማይክሮፋራድ ተጽፎ መለኪያው 25 ካነበበ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሳይሞክር አዲስ ማዝጋን ግዙ የሚል ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሻጭ ነው።

የሙያው ጥራት ይበልጥ የሚታየው ግን አዲስ ማዝጋን ሲተከል ነው፤ ምክንያቱም መጥፎ ተከላ የሚታወቀው ሰውየው ከሄደ ከወራት በኋላ ነው። ቱቦው ሲቆረጥ እጁን ተመልከቱ። ጥሩው በመጋዝ አይቆርጥም፤ እየዞረ በሚበላ መቁረጫ ነው የሚቆርጠው። ከዚያ የተቆረጠውን አፍ ወደ መሬት ደፍቶ ጠርዙን ይፍቃል፤ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። ዳዶውን አስቀድሞ ያስገባል (ይህን የረሳ ሰው ሲራገም ትሰሙታላችሁ)፣ የቱቦውን አፍ በመሣሪያ ይከፍተዋል፣ በጣቱ ዳስሶ ስንጥቅ ካገኘ ቆርጦ እንደገና ይጀምራል። ሲያጠብቅ ሁለት ቁልፍ ይይዛል፤ አንዱ ያዞራል፣ ሌላው ቱቦው እንዳይጣመም ይገታል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ዳዶ መዳቡን ይሰነጥቃል፤ የዓመት ዓመቱ «ጋዝ አልቋል» የሚወለደው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ቀጥሎ ቫኪዩም። ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት፤ ከ500 ማይክሮን በታች እስኪወርድ። ከወረደ በኋላ ፓምፑ ይዘጋና መለኪያው ተመልሶ መውጣት አለመውጣቱ ይታያል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ችኩሉም የሚሰርቀው ይህን ጊዜ ነው። ከማሽኑ ጋዝ ጥቂት ለቆ «አየሩን ገፋሁት» ይላል። እርጥበቱ ግን ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፤ ኮምፕሬሰሩን ከውስጥ ይበላዋል። ፓምፕ ሳይዝ ሊተክል የመጣን ሰው ደረጃው ላይ መመለስ ነው።

ጋዝ በእርግጥ ጎድሎ ከሆነስ? ባለሙያው በናይትሮጅን ግፊት ፈትኖ፣ በሳሙና አረፋ የሚተነፍስበትን አግኝቶ፣ ጠግኖ፣ ቫኪዩም ስቦ፣ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ይሞላል። የጋዙን ዓይነትም ያነባል። አር22 የተባለው አሮጌ ጋዝ ያለበት ማሽን ላይ አር410ኤ አይሞላም፤ የአር410ኤ ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። አዳዲሶቹ ላይ ያለው አር32 ደግሞ መጠነኛ የመቀጣጠል ባሕርይ ስላለው አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ባለሙያ ባለሙያ አይደለም።

የውኃ መውረጃው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ጎረቤት የሚያጣላው ግን እሱ ነው። ጥሩ ተካይ ከመሄዱ በፊት አንድ ጠርሙስ ውኃ ትሪው ላይ አፍስሶ ወዴት እንደሚወርድ ያሳያችኋል። የታችኛዋ ሴትዮ ያሰጣችው ልብስ ላይ ከሆነ ያኔውኑ ይስተካከላል።

ስለ ማማድም አንድ ነገር። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ቤቶች የገባው ይህ መሸሸጊያ ክፍል ግድግዳው የታጠቀ ኮንክሪት ነው፤ ቱቦ የሚያልፈው ለዚሁ በተዘጋጀና በሚታሸግ ማሳለፊያ ብቻ ነው። ባሰኘው ቦታ ልብሳ የሚል ተካይ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፦ በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል እዚሁ ከተማ የመኖሪያ ሕንፃ መትቷል።

በብርዱ ወራት ማዝጋኑ ያንኑ ሥራ ገልብጦ ይሠራል፤ ሙቀቱን ከውጭ ወደ ቤት ያስገባል። የሚነድ ሽቦ ካለው ማሞቂያ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ኪሎዋት መብራት ሦስት ያህል ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። በጥር ማለዳ ግን በድንገት መንፈስ ያቆማል፤ ውጭ ያለው ሞተር እንፋሎት ያወጣል፣ ውኃ ያንጠባጥባል። ብዙ ሰው ደንግጦ ስልክ ያነሳል። የተበላሸ ነገር የለም፤ የውጭው ክፍል ላይ የተጋገረውን አመዳይ እያቀለጠ ነው። በዚህ ሰዓት ስትደውሉለት «አሁኑኑ መጣሁ» የሚላችሁ የመምጫ ሒሳቡን እያሰበ ይሆናል። «አሥር ደቂቃ ጠብቁና ካልተመለሰ መልሳችሁ ደውሉልኝ» ያላችሁን ሰው ቁጥር ግን ለጎረቤትም ስጡ።