ከብረቱ ወደ ወረቀቱ

የአውሮፕላን ጥገና ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው መፍቻ የጨበጠውን ቴክኒሻን ነው። ምስጋናው ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ ላወድስ የተነሳሁት ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው ነው። ይህ ሰው አንድም ብሎን አይፈታም፤ መዝገቡን መርምሮ፣ አውሮፕላኑን ዞሮ አይቶ «ለመብረር ብቁ ነው» ብሎ ይፈርማል። በአውሮፓ ሥርዓት የበረራ ብቁነት ገምጋሚ ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት ሥራው ፋይል ማገላበጥ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደዚህ የጠራ ሙያ ጥቂት ነው፤ እሱን ለሌላ ማስተማር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢያሳ፣ በሚያስፈጽመው ደንብ መሠረት አንድ አውሮፕላን የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ስላለው ብቻ አይነሳም። ከዚያ ጋር የግምገማ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ የዚህኛው ዕድሜ 1 ዓመት ነው። አውሮፕላኑ ፈቃድ ባለው ድርጅት ሳይቋረጥ ሲተዳደር ከቆየ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ፣ በየ1 ዓመቱ ይራዘማል፤ ከዚያ ሙሉ ግምገማ ግድ ይሆናል። የትልልቅ አውሮፕላኖች ገምጋሚ ቢያንስ 5 ዓመት በሙያው የሠራ፣ ተገቢውን የቴክኒሻን ፈቃድ ወይም የአቪዬሽን ዲግሪ የያዘ፣ በጥገና መደበኛ ሥልጠና የወሰደ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን በሌላ ሰው ክትትል ሥር አንድ ግምገማ ሠርቶ ካላሳየ ፊርማው አይታመንም።

ጎበዝ አሠልጣኝ ደንቡን በማንበብ አይጀምርም። የአንድ የሞተር ዲስክ መዝገብ ለሠልጣኙ ይሰጥና «ዕድሜውን ንገረኝ» ይለዋል። የዲስክ ዕድሜ በሳይክል ነው የሚለካው፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ በርሮ፣ አርፎ ሲጠፋ አንድ ሳይክል ይቆጠራል። ገደቡ ላይ ሲደርስ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ከሞተሩ ይወጣል። ገደቡ 20,000 ነው እንበል። የዲስኩ ካርድ ላይ 19,833 ተጽፏል፤ ገና 167 ይቀረዋል ማለት ነው። ቸኳዩ ሠልጣኝ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ አሠልጣኙም ዝም ይለዋል። ረጋ ያለው ግን ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሽማግሌ ዲስኩን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይከተለዋል። አዲስ ሆኖ አዲስ ሞተር ውስጥ ገባ፤ ያ ሞተር 11,420 ሲሞላ ወጣ። ከዚያ 6,305 የቆጠረ ሌላ ሞተር ውስጥ ተገጠመ፤ ይህ ሁለተኛው ሞተር ዛሬ 15,118 ደርሷል። እዚህኛው ውስጥ የሠራው 8,813 ነው። ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር 20,233 ይመጣል።

ታዲያ 400ው ሳይክል የት ገባ? ሠልጣኙ የመጀመሪያውን ሞተር መዝገብ ከካርዱ አጠገብ ያስቀምጣል። 11,420 ሲገለበጥ 11,020 ሆኗል። አንዲት 4 ወደ 0 ስለተለወጠች ገደቡን በ233 ያለፈ ዲስክ ገና የሚሠራ መስሎ ተቀምጧል።

ይህን ልምምድ እጅግ እወደዋለሁ። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ ነው፤ የሚያስተምረው ግን ሌላው ሰው በደመረው ላይ ተደግፎ አለመፈረምን ነው። ይህ ልማድ በአንድ ቀን ንግግር አይገባም። ሠልጣኙ ብዙ ዲስክ ከልደቱ እስከ ዛሬ ተከትሎ፣ ብዙውን ትክክል ሆኖ አግኝቶት፣ ሳይሰለች ቀጣዩን ሲያነሳ ነው የሚሠራው።

ወረቀቱ እንዲህ ከሆነ ብረቱስ? እዚህ ላይ አሠልጣኞች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 የታይዋኑ የቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ሆንግ ኮንግ ሲያርፍ ጭራው መሬቱን መታ። በሜይ ወር ቋሚ ጥገና ተደረገለት፤ መዝገቡም በአምራቹ የጥገና መመሪያ መሠረት እንደተሠራ ተሞላ። ነገር ግን የተቧጨረው ቆርቆሮ መመሪያው እንደሚለው ተቆርጦ አልወጣም፤ መለጠፊያ ተደረበበትና ጭረቱ ከሥር ቀረ። ከዚያ በኋላ 22 ዓመት በረረ። ከጭረቱ የተነሳ ስንጥቅ ከመለጠፊያው ሥር ለዓይን ተሰውሮ አደገ። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2002 አውሮፕላኑ ከታይፔ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲበር አየር ላይ ተበታተነ፤ የነበሩት 225 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ስለዚህ በደንብ የሠለጠነ ገምጋሚ የጥገና መዝገብ ሲከፍት ፊርማ መኖሩን አይቶ አይረካም። ሥዕሉ የታለ? የተፈቀደው በየትኛው የመመሪያው ምዕራፍ ነው? መለጠፊያው ከጉዳቱ ዳር ምን ያህል አልፏል? ቆርቆሮው ተቆርጧል ወይስ ተደርቦበታል? እያለ ይጠይቃል። «እንደ መመሪያው ተሠርቷል» የሚለው አጭር መስመር ለእሱ የምርመራው መነሻ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሃንጋር ውስጥ የሚሰጠው ክፍል ነው። አሠልጣኙ ሠልጣኙን ፋይሉን አስቀምጦ እንዲመጣ ያዘዋል። መጀመሪያ ወረቀቱን ያየ ሰው ብረቱ ላይ የሚያየው የጠበቀውን ነው። ስለዚህ በባትሪና በትንሽ መስታወት የማረፊያ ጎማው እግር ላይ ያለችውን ታርጋ ያነባል፤ ሲሪያል ቁጥሩን እየጮኸ ይናገራል፤ ጓደኛው ይጽፋል፤ ወደ መዝገቡ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። የዕቃ መጫኛው በር አካባቢ ሲደርሱ መዳፉን በቆርቆሮው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። ዓይን የሳተውን ስርጉድ እጅ ያገኘዋል። ስርጉዱ ጥልቀቱ፣ ስፋቱ፣ ከቅርቡ የሪቬት ረድፍ ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያ የስርጉዶች ካርታ ይወጣል። ካርታው ላይ አንድ ስርጉድ ተመዝግቧል እንበል፤ መዳፉ ያገኘው ግን አጠገብ ለአጠገብ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ከሚፈቀደው ልክ በታች ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን የራሱ ገደብ አለው፤ ሠልጣኙ ይህን አስታውሶ መለኪያውን እንደገና ሲያነሳ የአሠልጣኙ ፊት ይፈካል።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ቦሌ ያሉትም ሃንጋሮች የሚሠሩት በዚሁ የመዝገብ ዲሲፕሊን ነው። በኪራይ የመጣ አውሮፕላን ሲመለስ አከራዩ የየዲስኩን ታሪክ ከፋብሪካ ጀምሮ ይጠይቃል። መሐል ላይ አንድ ወረቀት ከጎደለ ጤነኛው ብረት ዋጋውን ያጣል።

የሥልጠናው ከባዱ ክፍል መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አለመፈረም። የበረራ ሰሌዳው ተይዟል፣ ተሳፋሪው ትኬት ቆርጧል፣ አለቃው በር ላይ ቆሟል። የአውሮፓው ደንብ ገምጋሚውን ለዚህ ሰዓት አዘጋጅቶታል፤ ራሱ በሚያስተዳድረው ሥራ ላይ ፈራጅ እንዳይሆን ይከለክላል። ግምገማው ካልተቋጨ ወይም ደኅንነትን የሚያሰጋ ጉድለት ከተገኘ ደግሞ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ማሳወቅን ያስገድዳል። ሠልጣኞች ይህን በጽሑፍ ይለማመዱታል። ከሚጽፉት ሪፖርት ውስጥ ቅጽል ሁሉ ይወጣል፤ «አሳሳቢ» አይባልም፣ «ይመስላል» አይባልም። የሚቀረው እንዲህ ያለ ነው፦ «ዲስክ፤ በካርዱ 19,833፤ ከመነሻ መዝገቦች ሲሰላ 20,233፤ ገደብ 20,000። ምስክር ወረቀቱ አልተሰጠም።» አለቃው ቢቆጣ ሊከራከረው የሚችል አንድም ቃል እዚያ ውስጥ አያገኝም።