በአልትራሳውንድ ምስል ፊት የሚፈተኑ የሥነ አካል ስያሜዎች

የሰው አካል ትምህርት ለብዙ ዘመን በአስከሬንና በሥዕል ላይ ተመሥርቶ ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ ግን የሕያው ሰው አካል በአልትራሳውንድ እየታየ ይሰጣል። ለምሳሌ በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስልት በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ አስገብቷል። ትምህርቱ በአማርኛ ቢሰጥ ስያሜዎቻችን ይበቁታልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ስም እንመልከት። «የድምፅ ራጅ» ቢባል ለጆሮ ይቀላል፤ ነገር ግን ያሳስታል። «ራጅ» ጨረርን ያስታውሳልና፤ አልትራሳውንድ ግን ድምፅ ልኮ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ የሚመጣውን ወደ ምስል ይለውጣል እንጂ ጨረር አያመነጭም። «ልዕለ ድምፅ» ቢባልም ከድምፅ ፈጥኖ ከሚበር አውሮፕላን ጋር ይምታታል። እዚህ የተፈለገው የፍጥነት ሳይሆን የድግግሞሽ ብልጫ ነው፤ ይኸውም የሰው ጆሮ ከሚሰማው፣ በሰከንድ 20,000 ከሚደርሰው ንዝረት በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ «አልትራሳውንድ» እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን።

ከመሣሪያው ስም ይልቅ የሚያሳስበው የብልቶቹ ስያሜ ነው። «ደም ሥር» የሚለው የወል ስም በምስሉ ፊት አይበቃም። መምህሩ መሣሪያውን በቆዳ ላይ ጫን ሲያደርገው አንዱ ሥር ይጨፈለቃል፤ ሌላው ግን ክብነቱን እንደያዘ ይመታል። የመጀመሪያው ደም መልስ፣ ሁለተኛው ደም ቅዳ ነው። ሁለቱ ስያሜዎች የየራሳቸውን ተግባር ስለሚናገሩ ፈተናውን በሚገባ አልፈዋል።

«ጅማት» ግን አላለፈም። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስረውም በዚሁ አንድ ቃል ይጠራል። ተማሪው ጣቱን ሲያጥፍ የመጀመሪያው በምስሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ይታያል፤ ሁለተኛው ግን መገጣጠሚያውን አጥብቆ እንደያዘ ይቀራል። ዓይን የለየውን ቃል ሊያደባልቀው አይገባም። በመሆኑም «የጡንቻ ጅማት» እና «የመገጣጠሚያ ጅማት» ተብለው እንዲለዩ እናሳስባለን።

ልዩነቱን ዐውዱ ይገልጸዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአስከሬን ላይ መምህሩ ብልቱን በእጁ ይዞ ስለሚያሳይ የቃሉ ጉድለት ይሸፈን ይሆናል። በአልትራሳውንድ ምስል ግን የሚታየው ነጭና ጥቁር፣ በመካከሉም ግራጫ ጥላ ነው፤ ጀማሪውን የሚመራው ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉ ነው። ቃሉ ከተምታታ ተማሪው ነርቩን ጅማት ብሎ ያልፋል፤ ይህም ነገ መርፌ በሚይዝ እጅ ላይ ብርቱ ስሕተት ይሆናል።

ስያሜዎች እስካሁን በአመዛኙ የሚመዘኑት በሥርወ ቃላቸውና በድምፃቸው ማማር ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። የሥነ አካል ቃላት ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት መምህራንና የቋንቋ ባለሙያዎች በአንድነት በሕያው ምስል ፊት ቢፈትኑት፣ የትኛው ቃል እንደሚለይና የትኛው እንደሚያደናግር በግልጽ ይታወቃል።