ስለ 194,313፤ የዐቢይ ቀመር ቀኖች ቍጥር

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት 532 ዓመት «ዐቢይ ቀመር» ይባላል። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ሆኖ ሲቈጠር ይህ ዘመን 194,313 ቀኖች አሉት። ስለዚህ ቍጥር ሁለት ዐይነት አነጋገር እንሰማለን። አንዳንዶች የሰው አእምሮ የማይደርስበት ምሥጢር ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጊዜው ያለፈበት የደብተራ ሒሳብ ነው ብለው ይንቁታል። ሁለቱም ወገኖች ቍጥሩን ራሱን የመረመሩት አይመስለንም።

በመጀመሪያ የ532ን አመጣጥ እንመልከት። ሁለት ነጋዴዎች አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ወደ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ይመጣሉ እንበል። ዛሬ ቢገናኙ፣ 4ም 6ም ለ2 ስለሚካፈሉ ዳግመኛ የሚገናኙት ከ24 ሳይሆን ከ12 ቀን በኋላ ነው። በየ4 እና በየ7 ቀኑ ቢመጡ ግን፣ ሁለቱ ቍጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ 28 ቀን ሳይሞላ አይገናኙም። ዐውደ ፀሐይም እንዲሁ ነው፤ የጳጉሜን 6 በየ4 ዓመቱ መመለስና የሳምንቱ 7 ዕለታት ተባዝተው 28 ዓመት ይሆናሉ። የጨረቃው ዙር 19 ዓመት ነው። 19 ብቸኛ ቍጥር ስለሆነና 28ን ስለማያካፍል፣ ሁለቱ ዙሮች የሚገጥሙት በ28 × 19 = 532 ዓመት ነው።

ወደ ትልቁ ቍጥር ስንመለስ፣ 194,313 = 3 × 7 × 19 × 487 ሆኖ እናገኘዋለን። 7 በአካፋዮቹ ውስጥ ስላለ ዘመኑ ያለ ትርፍ 27,759 ሳምንት ይሆናል። ይኸው 27,759 ደግሞ የዐውደ ማኅተም፣ ማለት የ76 ዓመት፣ ቀኖች ቍጥር ነው። 76 ዓመት በሳምንት ሲገደፍ 4 ቀን ይተርፋል፤ ትርፉ የሚጠፋው 76ቱ ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ነው። በዚህ ምክንያት ፋሲካ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን እንደ ዋለ ሁሉ፣ በ1485 ዓ.ም.ም በዚያው ቀን ውሎ ነበር። ይህ ግልጽ የሆነ የማካፈል ሒሳብ እንጂ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። የእኛም ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓ ቪክቶሪዮስ የተባለው ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ457 በዚሁ የ532 ዓመት ዙር የፋሲካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል።

ጉድለቱንም መናገር ይገባናል። በዚህ ዙር 6,580 የጨረቃ ወራት ይቈጠራሉ። አንዱ ወር በአማካይ 29.53059 ቀን ስለሆነ፣ ድምሩ 194,311.3 ቀን ያህል ነው፤ እንግዲህ ሒሳቡ ከጨረቃ በ1.7 ቀን ያህል ይለያል። ከፀሐይ ዓመትም ጋራ ከ4 ቀን በላይ ይራራቃል። ሰማይ በሙሉ ቍጥር አይሄድም።

ይሁን እንጂ የባሕረ ሐሳብ ዋና ተግባር፣ በሩቅ አገር ያለው ደብር ሁሉ መልእክተኛ ሳይጠብቅ ጾሙንና በዓሉን በአንድ ቀን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ለዚህ በቃል የሚያዝና በጣት የሚቈጠር ሙሉ ቍጥር ያስፈልጋል፤ 194,313ም ይህን አሟልቷል። ስለዚህ የሰማይ ፍጹም ሕግ ነው የሚለው ከሚገባው በላይ ሲጭንበት፣ ተረት ነው የሚለው የደከሙበትን ሊቃውንት ዋጋ ያሳጣል። የሒሳብ ተማሪዎች የአካፋይንና የብዜትን ትምህርት ከዚህ ቢጀምሩ፣ የባሕረ ሐሳብ መምህራንም የልዩነቱን ልክ ቢያስረዱ፣ ትምህርቱ በአድናቆትና በንቀት መካከል ከመጥፋት ይድናል ብለን እናምናለን።