የበሽተኛው ቃልና የፈታኙ ጆሮ፦ ስለ አእምሮ ሕክምና የድኅረ ምረቃ ፈተና

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የአእምሮ ሕክምና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚፈተኑበትን መንገድ ነው። በጽሑፍ ስለሚሰጠው ክፍል ብዙ አንናገርም፤ የመድኃኒቱን መጠንና የበሽታውን ምልክት ያጠና ያልፈዋል፤ ማለፍም ይገባዋል። ክርክራችን በሽተኛን ጠይቆ የተገኘውን ለፈታኞች በማስረዳት ስለሚገኘው ነጥብ ነው።

ነገሩን ለመግለጽ ከኮልፌ ቀራንዮ እንነሣ። በዚህ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመ ነው። የሥጋ ደዌን ሕክምና የሚማር ሰው የበሽተኛውን ክርን ዳስሶ ነርቩ መወፈሩን ይናገራል፤ ፈታኙ ቢጠራጠር የራሱን ጣት እዚያው ላይ ያሳርፋል። ከዚሁ ከኮልፌ ተነሥቶ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄደው በሽተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዳሰስ ነገር ይዞ አይመጣም። ይዞ የሚመጣው ቃል ነው። ቃሉም አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ወይም ስልጥኛ ወይም ጉራጊኛ ይሆናል፤ ለፈታኞች የሚቀርበው ግን እንግሊዝኛ ነው።

ለዚህም ምክንያት አለው። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የሠለጠኑትም በውጭ አገር ነበር። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሦስት ዓመቱን ሥልጠና እዚሁ ጀመረ። የካናዳ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ በሽተኛው በአማርኛ ሲጠየቅም ለእንግዶቹ ይተረጎምላቸው ነበር። ያን ሥራ ልናቃልል ከቶ አንችልም፤ ዛሬ የሚያስተምሩን ብዙዎቹ የዚያ ፍሬ ናቸው። ይሁን እንጂ ለእንግዳ ሲባል የተያዘ ልማድ እንግዳው ከሄደ በኋላም በፈተናው ውስጥ መቅረቱን ልናልፈው አልወደድንም።

በትርጉም የሚጠፋው ምንድን ነው? ተማሪው «ድምፅ ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ የሰው ድምፅና የሌላው ነገር ድምፅ የተለያየ ስም አላቸው፤ በአማርኛ ግን አንድ ቃል ይበቃቸዋል። በመርካቶ ጫጫታ የሚውል ሰው «አዎን፣ ይሰማኛል» ቢል ምን ያስደንቃል? በዘገባው ላይ ግን የሌለ ሰው ድምፅ የሚሰማ በሽተኛ ሆኖ ይጻፋል። «ማንም ሳይኖር የሚያናግርህ አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ጓደኛውና እርሱ በእንግሊዝኛው ዘገባ እኩል ናቸው። እንደዚሁም «ራሴን ያቃጥለኛል» የሚለውን የራስ ምታት ብሎ የተረጎመ ሰው በሽተኛውን ወደ ሌላ ክፍል ሊልከው ይችላል፤ ኀዘንና የሐሳብ ብዛት በዚህ አነጋገር እንደሚገለጥ የሚያውቅ ግን ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ፣ በቅርቡም ስለ ቀበረው ሰው ይጠይቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው «ምነው በሞትሁ» ነው። ይህን በልቅሶ ቤት፣ በጠብ መካከል፣ በኑሮ ምሬት ዘወትር እንሰማዋለን። አንዳንድ ጊዜ ግን እውነተኛ ውሳኔን ይሸፍናል። ሁለቱን የሚለየው የድምፁ አወጣጥ፣ ቀጥሎ የመጣው ዝምታ፣ ተማሪውም ደግሞ ያነሣው ጥያቄ ነው። ሳይለይ የቀረ ሐኪም በሽተኛውን ወደ ቤቱ ያሰናብተዋል። ፈተናው ይህን ካልመዘነ ምን መዘነ ልንል ነው?

የአክብሮትም ነገር አለ። ወጣቱ ሐኪም የስድሳ ዓመት ሽማግሌ «አንተ» ቢል ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል፤ «አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ያለው ግን ሽማግሌው ለልጃቸው ያልነገሩትን ሊሰማ ይችላል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ተውላጠ ስም ሆነው ይቀራሉ።

ቀን ማወቁን ለመፈተን የሚቀርበው ጥያቄም እንዲሁ ነው። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ያለ በሽተኛ ቀኑ 12 መሆኑን በትክክል መልሷል። በኮልፌ የሚኖር ሙስሊም ረመዳን ከገባ ስንተኛው ቀን እንደ ሆነ ቢናገር እርሱም አልሳተም። ምሳሌያዊ አነጋገር ማስፈታትም በጥንቃቄ ካልሆነ ከንቱ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን በትምህርት ቤት በቃሉ ያጠና ሰው ትዝታውን እንጂ አስተሳሰቡን አያሳየንም።

እንግሊዝኛው ይቅር አንልም። መጻሕፍቱ በእርሱ ተጽፈዋል፤ ከውጭ የሚመጣ ፈታኝም ትውውቅ ነጥብ እንዳይሆን ይጠብቃል። የምንጠይቀው የበሽተኛውን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ፈታኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቀምጦ እንዲሰማ፣ ነጥቡንም ዘገባው ከመቅረቡ በፊት ለብቻው እንዲጽፍ ነው። የብሪታንያ ሐኪሞች በአንድ በሽተኛ ዕድል ላይ የተመሠረተውን ረጅሙን ፈተና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ትተው፣ ተፈታኙ በየጣቢያው እየተዘዋወረ ተዋንያንን ሲጠይቅ የሚታይበትን ፈተና ተክተዋል። ማየቱን ብንወስድ እንጠቀማለን። በተዋናዩ ግን እንጠራጠራለን፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ ያጠና ተዋናይ «ድምፅ ይሰማኛል» ብሎ የተማሪውን ስሕተት ያጸድቅለታልና። አሜሪካኖችም ራሳቸው በ2013 ባወጡት ዲ.ኤስ.ኤም. 5 ውስጥ ስለ ባህል የሚጠይቁ 16 ጥያቄዎች አስገብተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ በሽተኛው ችግሩን በራሱ አነጋገር እንዲገልጽ የሚጠይቅ ነው። የእኛ ተማሪ የጥያቄዎቹን ቍጥር ቢያጠና ለጽሑፍ ፈተና ይረዳው ይሆናል፤ በሽተኛውን በእርግጥ መጠየቁን ግን ዘገባው ብቻ አያሳይም።

አስተርጓሚ ሲያስፈልግ ነገሩ ይብሳል። በኦሮምኛ ወይም በስልጥኛ የምትናገር እናት ልጇ ሲያስተረጉምላት፣ እርሷ የምታፍርበትን እርሱ ይዘለዋል፤ እርሱ የሚያፍርበትን ደግሞ እርሷ አትናገርም። ልጁን በትሕትና ከክፍሉ አስወጥቶ ሌላ አስተርጓሚ የፈለገ ተማሪ ከጊዜው ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ሊያጠፋ ይችላል። ያ ጊዜ እንዲጨመርለትና ለሥራውም ነጥብ እንዲመደብለት እንጠይቃለን።