ስለ ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ውድድር አስተናጋጅ አመራረጥ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚደረገው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ውድድር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. በግላስጎ ተጀመረ። አስተናጋጁን የሚመርጠው የተሳታፊ አገሮች ምክር ቤት ነው፤ ለማስተናገድ የሚሹት ዕቅዳቸውን ያቀርባሉ፤ መልእክተኞቹም ድምፅ ይሰጣሉ። ምርጫው በአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ያልተወሰነ ስለ ሆነ፥ ሥርዓቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። የአንድ አገር ድምፅ ከአንድ እስከ አራት ሲሆን፥ ብዛቱ የሚወሰነው በተሳትፎው መጠን ነው። እንግዲህ በመንገድ ርቀት፥ በአውሮፕላን ዋጋና በቪዛ ምክንያት የቀረ አገር፥ ውድድሩ ወደ እርሱ እንዲቀርብ የሚጠይቅበት ድምፅም ያንሰዋል። ከ1981 እስከ 2025 ባለው ጊዜ አፍሪካ ያስተናገደችው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም በስቴለንቦሽ በ1997 እና በ2003፥ በጋቦሮን በ2011፥ በኬፕ ታውን በ2019 ነው። አራቱም በአህጉሪቱ ደቡባዊ ክፍል ናቸው።

«ብዙ ተከራካሪ የሚልክ አገር ብዙ ድምፅ ማግኘቱ ትክክል ነው» የሚል ይኖራል። ስለ ውድድሩ ደንብ ሲሆን እውነት ነው፤ ስለ ቦታው ሲሆን ግን ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ሲመረመር፥ ከአዳራሹና ከመኝታው አስቀድሞ «ወደዚህ ከተማ ለመምጣት የሚችለው ማን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። መምጣት ያልቻለ ተከራካሪ አልተረታም፤ አልተሰማም እንጂ።