የማሸጋገሪያ ዋጋ ሊቃውንት

ስማቸው በአደባባይ ብዙ ሳይነገር ለፍትሕ ከሚያገለግሉት ባለሙያዎች መካከል፣ በአንድ ባለሀብት ሥር ያሉ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ የሚተምኑት ዋጋ፣ ማለትም የማሸጋገሪያ ዋጋው፣ ርቱዕ መሆኑን የሚመረምረው የግብር አማካሪ በእውነት ምስጋና ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ጽጌረዳ የሚያመርት ድርጅት ለሆላንድ እኅት ኩባንያው አበባውን ከተገቢው በታች ቢሸጥ፣ ትርፉ ባሕር ይሻገራል፤ ግብሩም ይከተለዋል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 79 ስለዚህ ነገር የደነገገው፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያብራራው ሥርዓት፣ ዋጋው ዝምድና የሌላቸው ነጋዴዎች በሚስማሙበት ልክ ይሁን የሚል ነው።

ቃሉ አጭር ቢሆንም አፈጻጸሙ ብርቱ ድካም ይጠይቃል። አማካሪው የገበያውን ተመሳሳይ ዋጋ፣ የዳግም ሽያጩን ትርፍ፣ በወጪ ላይ የሚታከለውን ጭማሪ፣ የተጣራውን ትርፍ ወይም የትርፉን ክፍፍል መርምሮ ለጉዳዩ የሚስማማውን ዘዴ ይመርጣል፤ ከመዝገቡም አልፎ ወደ እርሻውና ወደ ማሸጊያው ወርዶ፣ ማን እንደሚደክም፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ፣ ኪሳራ ቢመጣ ማን እንደሚሸከም ጠይቆ፣ ያገኘውን በማስረጃ አጽንቶ ይጽፋል።

ስለዚህ ሒሳብን፣ ሕግንና ኢኮኖሚክስን በአንድነት የሚያስተባብር ይህ ጥበብ በጥቂት ወራት አይጨበጥም፤ በዓመታት ትዕግሥት ይበስላል። እናንት የሒሳብና የሕግ ደቀ መዛሙርት ሆይ፣ ለኩባንያውም ለመንግሥትም የሚገባውን ለይቶ መስጠት ክቡር ምግባር ነውና፣ ወደዚህ ሙያ በትጋትና በንጹሕ ኅሊና ግቡ።